ሁለት ጣሳ ቀለም

ቀለም አልቆጠርኩም፤ ቀለም ግን እጭናለሁ፣
ቀይና አረንጓዴ ጣሳ ከብስክሌቴ ኋላ አስሬ እዞራለሁ።
ከመግና ወንዝ ማዶ፣ ሩዝ ውሃ ውስጥ ቆሞ በሚያድርበት፣
ግቢ ለግቢ እገባለሁ፣ የእጅ ፓምፕ ባለበት።
ከጠርሙስ ቀድቼ፣ ዱቄት በትኜ፣ ወረቀት አንጠልጥዬ፣
ሃያ ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ እንደ ዳኛ ዝም ብዬ።
ነጭ ከቀረ አረንጓዴ፣ ከጠቆረ ቀይ መቀባት ነው ሥራ፤
"በቀዩ ልብስ ይታጠብ እንጂ አይጠጣም፣ አደራ!"

የጆሪና ቤዋ ፓምፕ ግን…
ኩሬው ሁለት ልጆቿን በአንድ ሳምንት ቢወስድበት፣
ጥገት ላሙን ሸጠና ተከለው ባሏ ካሴም፣ ከደጁ ፊት።
ሲሚንቶው ሳይደርቅ በሚስማር ስሙን ጽፎ ነበር፤
ፊደሉ ዛሬም አለ፤ እሱ ነው የገባው ከአፈር።
ውሃው ኩልል ያለ፣ እንደ እንባ የጠራ፣
ለእንግዳ ሲቀዳ፣ ጎረቤት ሲጠራ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠጡት።
ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፤ አርሴኒክ ይሉታል ከከተማ፤
ከከርሰ ምድር የመጣ እንግዳ ነው፣ ኮቴው የማይሰማ።
ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አይደል?
መጀመሪያ ደረታቸው ላይ፣ ካፊያ አቧራ ላይ እንደጣለ፣
ነጠብጣብ ወጣ፤ ከዚያ መዳፋቸው ሻከረ፤ የካሴም ጣት ቆሰለ።

ሃያው ደቂቃ አለቀ። ወረቀቱ ጠቆረ።
የቀዩን ክዳን ስከፍት የጆሪና ድምፅ ተሰበረ፦
"አረንጓዴ አርገው ልጄ። ነገ ለሞይና ሽማግሎች ይመጣሉ፤
ቀይ ፓምፕ ካለበት ግቢ ማን ሙሽራ ይወስዳል ይላሉ።"
ምን ልበላት? ቀባሁት። ከእጀታው እስከ አፉ ቀይ አለበስኩት፤
የካሴምን ስም ግን በብሩሼ አልነካሁት።
አላለቀሰችም። ጨርቅ አምጥታ ጠብታውን ጠረገች፣
"አረንጓዴው የት ነው?" አለች፣ እንስራዋን ከወገቧ እያስጠጋች።
"ከታሉክዳሮች ግቢ ነው" አልኳት፤ "ያውም አንዱ ብቻ።"
ሠላሳ ዓመት የድንበር ጠብ፤ ሰርግና ቀብር ለየብቻ።
የቀርከሃውን ድልድይ ወጣች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፤
መሃሉ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ዞር አለች፣ ተክዛ፦
"ያንተስ?" አለችኝ። "የናትህ ግቢ ፓምፕ ምን ቀለም ነው?"

አልመለስኩላትም።

ሰባት መቶ ፓምፕ ቀብቻለሁ፤
የእኛን፣ ዛሬ ነገ እያልኩ፣ ዓመት አሳልፌአለሁ።
ማታ እናቴ በብርጭቆ ሞልታ፣ "ጠጣ ልጄ፣ ጠምቶሃል" አለች።
ከደረት ኪሴ አንዲት ወረቀት ብቻ ቀርታ ነበረች።
ውሃውን ወደ ጠርሙሱ ገለበጥኩት።
"እኔን ነው የማታምነው?" ብላ ሳቀች፣
ከሳቋ ጋር መዳፏን ወደ መብራቱ ዘረጋች፤
አላየሁትም። ሰዓቴን ነው ያየሁት።
አንድ ደቂቃ።
ሁለት።
ጣሳዎቹ ደጅ፣ ከብስክሌቱ ላይ፣
ሁለቱም እንደተከደኑ።