ድሮ ፖስተኛው የነበረበት

አዳማ ላይ አድራሻ በቁጥር አይነገርም።
«ድሮ ወፍጮው የነበረበት» ትለዋለህ ባጃጁን፤
ወፍጮው ከፈረሰ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፣
ልጁ ወፍጮውን በዓይኑ አላየም፣
ግን ያደርስሃል።

እኔ የውሃ ቢሮው ሰርቨር ጠባቂ ነኝ፤
ሁለተኛ ፎቅ፣ ነፋሱ መስኮቱን የሚደበድብበት፣
አቧራው በፊደል ቁልፎች መሃል የሚያድርበት።
ይህ ማሽን ሌሊት ሌሊት ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤
«ኦብሴ ሆይ፣ የላይኛው ታንከር ሁለት ሜትር ጎድሏል፣
ሦስተኛውን ፓምፕ ቀስቅሺው» እያለ።
ኦብሴም ወንዙ ዳር፣ ስልኳ ጢው ሲል፣
ነጠላዋን አጣፍታ ትነሳ ነበር።

አሥራ አንድ ሌሊት ዝም አለ።
ሰፈሩ በቢጫ ጀሪካን ተሰለፈ።
ኃላፊው በስብሰባ ላይ ስሜን አነሳ፤
አነሳሱ ግን ለምርቃት አልነበረም።

ዛሬ ማታ መዝገቡን ከፈትሁ።
አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አሥራ አንድ ጊዜ፦
«እንዲህ ያለ ፋይል የለም።»
«እንዲህ ያለ ፋይል የለም።»
ልክ እንደ መሥሪያ ቤት ዘበኛ፣ ቀና ሳይል፣
«የሉም፣ ነገ ይመለሱ» እንደሚል።

ፖስተኛው ሞቶ ይሆን ብዬ ፈለግሁት።
አልሞተም!
አዲሱ ቤቱ ውስጥ በሙሉ ጤና ተቀምጧል፣
ቦርሳውን አንግቶ፣ ጫማውን አስሮ፣
የሚጠራው ጠፍቶ።
የቅዳሜ ሌሊቱ አፕዴት ቤት ሲጠርግ
የድሮ ስሙን ከበሩ ላይ ነቅሎ ጥሎት ኖሯል።
ማሽኑ «ሴንድሜይል! ሴንድሜይል!» ይጣራል፣
እሱ «እኔን አይደለም» ብሎ ይቀመጣል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤
እዚህ ግን ተገለበጠ፦
ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ስሙ ተቀበረ።

ያንን ስም በእጁ የተከለው ጥላዬ ነበር፣
ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው።
ጡረታ ሲወጣ ቁልፍ አስረከበኝ፣ የይለፍ ቃል አስረከበኝ፣
ጎማው ያለቀ ወንበር አስረከበኝ፤
ይህን ግን አልነገረኝም።
የሚነገር ነገርም አልመሰለው ይሆናል፤
ጥላ የሚታወሰው ፀሐይ ሲከርር ነው።

ጥገናውማ ምን አለው፤
ኤል፣ ኤን፣ ጭረት፣ ኤስ፣
ከዚያ የአዲሱ ቤት መንገድ፣
ከዚያ የድሮው ስም።
አንድ መስመር ናት፣ ኃላፊው ቢያያት ይስቅብኛል።
ስዘረዝረው ቀጭን ቀስት ታየችኝ፣
ከስሙ ወደ ባለቤቱ የምታመለክት፤
እንደዚያ እንደ ባጃጅ ነጂው ጣት፣
ባላየው ወፍጮ አምኖ እንደሚጠቁም።

ሙከራ ላክሁ፦ «ኦብሴ ሆይ፣ ይህ ሙከራ ነው።»
ጠበቅሁ። ነፋሱም መስኮቱን ትቶ አብሮኝ የጠበቀ መሰለኝ።

የአሥራ አንዱ ሌሊት ደብዳቤዎች አይመለሱም።
ፖስተኛ ያላገኘ ደብዳቤ ወረፋ እንኳ የለውም፣
በተጻፈበት ቀልጦ ይቀራል፤
አንዱ ምናልባት «ፍጠኚ» ይል ነበር።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጢው አለ፦
«ሙከራሽ ደርሶኛል።
ሙከራ አይጠጣም፤
ታንከሩ ስንት ነው? እሱን ንገሪኝ።»