ሌላው ሁሉ ባለበት

በነሐሴ መጣሁ፣ ሐይቁ ውሃ ሳለ፣
ነጭ ሸራ ጀልባ እየተንሳፈፈ፣ ዳክዬው እንዳለ።
ማዲሰን፤ ስድስተኛ ፎቅ፤ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን፣
ፋኩንዶ፣ ሚንጁና እኔ፣ ሌሎችም፤ እርሳሳችንን ቀረጽን።
መምህሩ ገቡ፤ ሰላምታ የለ፤ አንዲት መስመር ጻፉ፣
«አንድ ሸማች አለ እንበል» አሉና ጠመኔውን አራገፉ።

እንበል አልን። አለ።
አይደክመው፣ ዘመድ አይጠይቀው፣ ልቡ አይወላውል፣
ከሁለት ብርቱካን ሦስት፣ ከሦስት አራት ሲመርጥ የሚውል።
ስሙ አንዲት ፊደል ናት፤ እናቱ አላወጣችለትም።
በእኛ ቋንቋ ፍላጎት አንድ ነው፣ የገበያውም የልብም፤
እዚህ ሁለት ቃል ናቸው፤ አንደኛው ፈተና ላይ አይመጣም።

ከሁሉ የገረመችኝ ግን በየገጹ የምትደገም ሐረግ ናት፦
ሌላው ሁሉ ባለበት።
ዋጋው ብቻ ይንቀሳቀስ፤ ዝናቡ ባለበት፣ ደመወዙ ባለበት፣
የጎረቤት ዓይን ባለበት፣ ያረገዘችም ሚስት ባረገዘችበት።
እንዴት ነው የሚያቆሙት? አልጠየቅሁም፤ ጥያቄም ዋጋ አለው፣ ዋጋ።
በታኅሣሥ ማለቂያ፣ አንድ ሌሊት፣ ሐይቁ ራሱ ረጋ።
ሞገዱ ባለበት፣ የወደቀው ቅጠል ባለበት፣ ሁሉም እንደተባለው።
«ይኸው» አለች ሚንጁ፣ «ይኸ ነው መጽሐፉ ያለው»።

በዚያ ላይ ነበር ኦርቪል። ከዳር ሁለት መቶ እርምጃ ያህል፣
የተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ በረዶውን ሰርስሮ፣ ክሩን ሰዶ፣ ሲጠብቅ የሚውል።
ዘጠኝ ገጽ ሒሳብ ከከሸፈብኝ ወዲያ፣
የሚንጁን ካፖርት ደርቤ፣ እግሬ ወሰደኝ ወደዚያ።

«ምን ትማሪያለሽ?» አለኝ። ነገርኩት። ፈገግ አላለም።
«እንግዲያው ንገሪኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን አልቀረሁም፤
ቋሊማ ፋብሪካው ለምን ተዘጋ? ትርፍ ነበረው፤ መኪናው ሞልቶ ሲወጣ አይቻለሁ።
ለምንድነው?»
                    «እማራለሁ» አልኩት፣ «ገና እማራለሁ።»

መልስ አጥቼ አይደለም። ሦስት መልስ ነበረኝ፣ ሦስቱም ሥርዓት ያላቸው፤
በሦስቱም ውስጥ ኦርቪል «ኤል» ነው፣ ያለ ባልዲ፣ ያለ ጓንት የቆመው።

ሁለት ዓሣ አወጣ፣ መዳፍ የምታክል፤ አንዷን በጋዜጣ ጠቀለለ ለኔ።
ዋጋዋን ጠየቅሁት! ኮርሱ ነው ያስለመደኝ፤ እኔስ ነኝ ወይ እኔ?
ኦርቪል ሳቀ። በዚያ ወራት ሁሉ ያየሁት ያን ሳቁን ነበር፦
«ሱቅ ውስጥ አራት ዶላር ናት። ለሷ ይመስልሻል እዚህ የምቀመጠው፣ በዚህ ቁር?»

ማታ ኢኮኖሜትሪክስ ነበር። መስመሩ ጫፍ ላይ አንዲት ጠማማ ፊደል አለች፣ ኤፕሲሎን፤
የማናውቀውን ሁሉ እሷ ላይ እንጭናለን፤
አማካይዋ ዜሮ ነው እንላለን፤ እንዲህ ብለን እንተኛለን።
ያን ሌሊት ግን ዓሣ ዓሣ ሸተተችኝ።

በመጋቢት ማለቂያ በረዶው ጮኸ፤ ጥይት መስሎት ፋኩንዶ ከወንበሩ ዘለለ።
ሐይቁ ተሰነጠቀ። ለካ ከሥር ሲሄድ ኖሯል፤ የቆመ ነገርስ መች አለ?
ወደ ዳሩ ወረድኩ፤ ባልዲውም የለ፣ ሰውየውም የለ።

ሰኔ ላይ ፈተናው መጣ። አራት ሰዓት፣ አራት ጥያቄ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ።
ሦስተኛው፦ «አንድ ፋብሪካ አለ እንበል…»
እጄ ቆመ። የግድግዳው ሰዓት አልቆመም።
ጻፍኩ። የሚጻፈውን ጻፍኩ፤ አልዋሽም።
ሚዛኑን አገኘሁ፣ ከሥሩም አሰመርኩበት፤
ዳር ላይ ግን፣ ማንም በማያርመው ጠባብ ቦታ፣ በአማርኛ፦ «ኦርቪልስ? ባለበት?»

በሁለት ነጥብ አለፍኩ። ከሁላችን የምትበልጠው ሚንጁ ወደቀች፤ ለነሐሴ ትዘጋጃለች።
ካፖርቷን ልመልስ ሄድኩ።
«ያዥው» አለችኝ ከደብተሯ ቀና ሳትል፣ «ሐይቁ ተመልሶ ይረጋል» አለች።