ገደሉን አይተን

በፐብኒኮ መንደር፣ በኖቫ ስኮሺያ፣
የኦዲል ጓሮ ነው የገደል መግቢያ።
አምና የልብስ ገመድ ሁለት ክንድ አሸሸች፤
ዘንድሮ ሦስት ክንድ ነቅላ ተከለች።
በአንድ ኅዳር ሌሊት የአባቷ መጋዘን
ከነመረቦቹ፣ ከነዓሣ ሚዛን፣
ከነመዝጊያው ሄደ።
እያሳሳቀ ነው ውሃ የሚወስደው፣
ይላል የእኛ ሰው፤
እሷን ግን ሳያስቃት ወሰደ።

መሐንዲስ ተጠራ። ድንጋይ ተራገፈ፣ ግንቡ ተገተረ፣
ደረቱን ነፍቶ ሞገዱን ገፈተረ፤
የተገፈተረው ዞሮ የግንቡን እግር ቆፈረ።
በሦስተኛው በረዶ ግንቡም ተንበረከከ።

በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሲባል የሰማነው
ሣሩን እያየ ነው ገደል የገባው።
እኛ ተገላቢጦሽ፤
ገደሉን አይተን፣ አይተን፣
ሣሩን ሳናይ ቀረን።

እኔ ቆጣሪ ነኝ፤ ደሞዜ የባሕር ሣር መቁጠር።
ባሕሩ ሲሸሽ፣ ውሃው ከጉልበቴ በታች ሲቀር፣
የፍሰት መለኪያዬን ከሣሩ ውጪ ብተክል
በሰከንድ አርባ ሳንቲሜትር ይላል፤ ይከንፋል።
ሦስት እርምጃ ገብቼ በሣሩ መሐል ብተክል
ዐሥር፣ አንዳንዴ ስምንት፤
ገበያ ውሎ እንደ ደከመው ሰው ውሃው ያዘግማል።

ሣሩ አይከራከርም።
ጎንበስ ይላል፣ ቀና፣ እንደገና ጎንበስ፤
በያንዳንዱ ጎንበስ ከሞገዱ ጉልበት ቆንጥሮ ሲቀንስ
ውሃው ያዘለው ደለል ይከብደዋል፣
ያወርደዋል።
ከታች ሥሩ፣ እንደተቆላለፈ ጣት፣
አሸዋውን ጨብጦ ያድራል።

ልዋሽ አልችልም፤ ይህም ልክ አለው።
ማዕበሉ ሲበረታ ሣሩ ጨርሶ ይተኛል፤ ውሃው በላዩ ነው የሚያልፈው።
በጥር ቅጠሉ ይረግፋል፣ ይሳሳል፤
በምንፈልገው ወር ነው የሚጎድለው።

ማን ነቀለው?
አረንጓዴው ሸርጣን፣ በመቀስ ጥፍሩ፤
የመልሕቅ ሰንሰለት፣ ክብ እየዞረ እየላጨው ምድሩ፤
ደግሞ ሌያንድር፣ የኦዲል ወንድም፣ «ሞተሬን ያንቀኛል» ብሎ
አንድ ሰኔ ሙሉ በብረት መንሽ ነቅሎ፣ ነቅሎ።
«ቆሻሻ» ነበር የሣሩ ስም።

አባታቸው ግን በመስከረም፣
ባሕር የተፋውን ደረቅ ሣር በጋሪ እየሰበሰበ
የቤቱን ግርጌ ይደለድል ነበር፣ ለብርድ፣
ነፋስ እንዳይገባ።
«የቤቱን ግርጌ ያሞቀ ሣር
የመሬቱንም ግርጌ ይይዛል ብለን
ማሰብ እንዴት አቃተን?»
አለችኝ ኦዲል፣ ጓንቷን በጥርሷ እየሳበች።

ስድስት ዓመት ተከልን።
ቡቃያውን በቀርከሃ ስንጣሪ እየሰካን፣
እሷ በሰባ አንድ ዓመቷ፣ በጎማ ሱሪ፣ ወገቧን ይዛ።
ግማሹ ሞተ። የቀረውን ሸርጣን በላው። እንደገና።
አንድ ማለዳ ሌያንድር ሳይጠራ መጣ፤
ምንም አላለም፤
መልሕቁን ከሩቅ ጣለና
ቡቃያ የሞላ ባልዲ ይዞ ወረደ።

ዘንድሮ፣ በነሐሴ፣ ውሃው ጠራ።
ኦዲል ጎንበስ ብላ አየች፤
እዚያ ታች፣ በሣሩ መሐል፣ የአባቷ ሚዛን፣
ዝጎ፣ አንዱ ሳህኑ ደለል ሞልቶት፣
ወደ መሬት አዘንብሎ።
«ላውጣልሽ?» አልኳት፣ እጅጌዬን ሰብስቤ።
«ተወው» አለች፤ «ገና እየመዘነ ነው።»

የልብስ ገመዷን ግን አልመለሰችውም።