ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል፤ ጨለማው ከደጅ አልሄደም፤
በታኅሣሥ በአይስላንድ ሰሜን፣ ፀሐይ የሚባል ነገር የለም።
እኔ የገንዳው ዘበኛ ነኝ፤ ውኃ ለክቼ፣ ክሎር ጨምሬ፣
የሰው አስተያየት እሰማለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከወንበሬ።
ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ነው። አራት ራስ ውኃው ላይ ይታያል፤
የቀረው ገላ ከሥር ነው፤ ሐሳቡ ግን ሁሉ ይተናል።

ቤርጉር ነው ሁሌ የሚጀምር፤ ጆሮው እንደ ቀይ ሥር የቀላ፦
"ይሄ ጌም የሚሉት መርዝ፣ የልጅ አእምሮ የሚበላ!
የጎረቤቴ ልጅ ዳግፊኑር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤
ገመድ ቋጥሮ አያውቅም፤ ሌሊቱን ጭራቅ ሲገድል ያነጋል።"

ስቴይንቮር የቋንቋ መምህር ነበረች፤ መለሰች ዐይኗን ጨፍና፦
"ጭራቁስ ይሙት፤ ግድ የለኝም፤ የኔ ጭንቀት ሌላ ነውና።
በእንግሊዝኛ ነው የሚገድለው! በእንግሊዝኛ ነው የሚምለው!
በር ጣቱን ትናንት ቢቆረጥመው፣ 'ወይኔ'ን በምን አፍ መሰላችሁ ያለው?
እኛ እኮ ኮምፒውተር ሲመጣ፣ እንዳለ አልዋጥነውም ስሙን፤
'ቁጥር'ን ከ'ነቢይት' አጋብተን፣ 'ቶልቫ' ብለን ጠራነው እሱን።
ስልክ ሲመጣም ከጥንት መጽሐፍ፣ 'ክር' የሚል ሙት ቃል ቀስቅሰን፣
'ሲሚ' ብለን ከመቃብር አውጥተን፣ ሽቦ አልብሰን አነገሥን።
ዛሬ ግን ነቢይቷ ራሷ፣ ቋንቋችንን አትሰማም፤
'መብራት አጥፊ' ብዬ ብለምናት፣ ሙዚቃ ለቀቀች፤ መብራቱም አልጠፋም።"

ኦድኒ ምንም አላለችም።
ባንኩ ተዘግቶ መተግበሪያ ከሆነ ወዲህ
ስለ ማሽን ሲወራ ጣሪያ ታያለች፤
ገንዳው ደግሞ ጣሪያ የለውም።

ቦዠና ሣቀች። ከፖላንድ የመጣች፣ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ፦
"ለልጁ ታለቅሳላችሁ፤ ለእኔስ ማነው የሚተኛ፣ የማይተኛ?
እኔ በናንተ ቋንቋ ስጀምር፣ ገና ሁለት ቃል ሳልሰካ፣
ዳቦ ሻጩ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ ሐኪሙም እንዲሁ ነው ለካ።
ልጁ ብቻ ነው የሚታገሠኝ፤ ስሳሳት የሚያርመኝ አቁሞ፤
ከልጄ ጋር ሲጫወት ማታ፣ በማዳመጫው በኩል ደጋግሞ።"

ዝም አሉ። እንፋሎት ብቻ። ስቴይንቮር አገጯን ነከረች፤
እሷም እኮ ባለፈው ሳምንት፣ ለቦዠና በእንግሊዝኛ ነው የመለሰች።

እኔ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ሆዴ ይፍጀው ብዬ የተውኩት፤
ቤቴ ከቤርጉር ፊት ለፊት ነው፤ በመስኮት ነው ያየሁት።
ጀልባውን ከሸጠ ሦስት ዓመቱ፣ ከነኮታው ከነሰንሰለቱ፤
መልሕቁ ደጁ ላይ ቀርቷል፤ ድመቴ ትታከካለች በቀለበቱ።
ሌሊት ስምንት ሰዓት መስኮቱ፣ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል፤
ቤርጉር ስክሪን ፊት ተቀምጦ፣ ማዕበል ይሰነጥቃል።
የዓሣ ማጥመጃ ጌም ነው። መሪ ይዟል፣ ላብ አጥምቆት፤
"ላላ አድርግ! ልቀቀው!" ይላል፣ ማዳመጫ ጆሮውን ደፍኖት።
በዚያ ጫፍ ያለውስ ማነው? ዳግፊኑር፤ ያ ጭራቅ ገዳይ፤
የትኛው ቁልፍ እንደሚነካ ያስተምረዋል፣ በወጀቡ ላይ።
ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች፤ ሽማግሌው ደግሞ በተራው፣
ስምንት ዓይነት ነፋስ ለልጁ፣ እያንዳንዱን በስሙ ጠራው።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ተማሪዎች መጡ፤ የዋና ትምህርት አላቸው።
ዳግፊኑር በሩን ከፍቶ
አፍንጫውን ወደ ሰሜን አነሣና
አንድ የነፋስ ስም ተናገረ።
ስቴይንቮር ፎጣዋን እንደያዘች ደረቀች፤
ቃሉን በመጽሐፍ ነው የምታውቀው፤ ከሰው አፍ ሰምታው አታውቅም።
"ከየት አመጣኸው?"
"ከጌም" አላት፤ እየሮጠ አለፈ።

ቤርጉር እስከ ቅንድቡ ጠለቀ፤
ከላይ የቀሩት ሁለቱ ቀይ ሥሮች ብቻ።
እኔም እርሳሴን በምላሴ ነክቼ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦
ሙቀት፦ ሠላሳ ዘጠኝ። ሰው፦ አራት።
ነፋስ፦ ልጁ እንዳለው።