ደም ያየው

ከአዘዞ በባጃጅ፣ ዝናቡ እያካፋ፣
ውባንተን አመጣች፣ ክንዱ እንደተነፋ።
«አባቱ በዚህ ሳል...» አለች፣ ሳትጨርሰው፣
መርፌ ያስነሣውን ጣቷ እየዳሰሰው።

ላይኛው ክንዱ ላይ ምስር የምታህል የክትባት ጠባሳ፣
ታችኛው ላይ እብጠት።
ቆዳ ምን ያውቃል? እንደ ሰፈር ውሻ ነው፣
ለእንግዳም ለሌባም በአንድ ድምፅ የሚነሣ።

ደሙን ቀዳሁና በሰው ገላ ሙቀት አሳደርኩት፣
ክትባቱ የማያውቃት፣
ከጠላት ልብስ ብቻ የተቀደደች ቁራጭ ጣል አድርጌለት።
መብራት ሄዶ መጣ፤ በጎንደር ሌሊት ላይ ጄኔሬተር አጓራ።
ደም ግን አያምታታም፣
ልምምድ የዋለውን ከዘመተው ጋራ።

ሲነጋ አነበብኩት።
ደሙ ያቺን ቁራጭ አውቋት ተነሥቷል።
ውባንተ የአባቱን መልክ አያስታውስም፤
ደሙ ግን አይቶታል።

ለእናቱ የነገርኳት ኪኒኑን ብቻ ነው።