አሥራ አንድ ቀን ሲቀረኝ

ደብዳቤው ሲደርሰኝ፣ ማኅተሙ ሳይደርቅ፣
ከደብረ ሲና ጋር ጀመርኩኝ ስራራቅ።
አልጋውን አጥናፉ በግማሽ ዋጋ ወስዶ፣
ቁም ሣጥኑ በአራት ሰው በደረጃው ወርዶ፣
«አሶሳ» የሚል ቃል በካርቶን ላይ ጽፌ፣
ስምንት ዓመት ሙሉ የኖርኩትን አጥፌ፣
አሥራ አንድ ቀን ሲቀረኝ
ቆሎ ሻጯ ስንዱ በመስኮት ጠራችኝ።

«እናቲቱን መኪና…» ብላ ተወችው።
እጇ ውስጥ ነበሩ፤
ከአንድ እፍኝ ቆሎ አይበልጡም፣ ቢሰፈሩ።
አንዷ ግራጫ ናት፣ እንደ ጣርማ በር ጉም፤
ሌላው ጥቁር፣ ገና መጮህ እንኳ አያውቅም።

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።
«መንገደኛ ይቀንሳል፣ አንቺ ትጨምሪያለሽ!
ድመት ቤት እንጂ ሰው አትወድ፤ በከንቱ ትለፊያለሽ»
አለች ወሰንየለሽ፣
አከራዬ፣ ቁልፏን ለመቀበል የቸኮለች።

እውነቷን ነው። ድመት የሰው አይደለችም፣ የቤት ናት፤
እና ምን ልመልስ? ቤት የለኝም ልበላት?
ካርቶን ነው ከእንግዲህ ቤታችን፣
የሦስታችን።

ምክንያቴ ግን ሌላ ነው፤ ለማንም አልነገርኩም፦
እዚያ ሙቀት አገር፣ ይህንን ጉም
በበር ስር ሾልኮ ሲገባ፣
ገመድ ላይ የዋለ ልብስ ሳምንት ሙሉ ሳይደርቅ ሲከርም፣
አብሮኝ ያየ አንድም ሰው አላገኝም።
ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ክፍል፣ ይህችን ተምሬያለሁ፤
ምስክር የታጣለት ስንቱን ነገር ዘግቻለሁ!
እናም ሁለት ምስክር ቆጠርኩ፣
ቃላቸውን በወተት ተቀበልኩ።

ሌሊት አሥር ሰዓት።
የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ፣
ከሽንኩርቱ በላይ የኔ ጓዝ፣ ጭኔ ላይ እነሱ።
«ይሄስ ምንድን ነው?» አለ ሾፌሩ ደምስ።
«ቆሎ ነው» አልኩት።
ግራጫዋ ሚያው አለች።
«የዘንድሮ ገብስ ደግሞ ይጮሃል?» አለና ቁልፉን አዞረ።

ስንዱ እየሮጠች ደረሰች፣ ሻሿን ፈትታ
ከስራቸው አነጠፈች፤ የገብስ፣ የሱፍ፣ የእሷ ሽታ።
እኔን አልሳመችም።
ድመቶቹን ሳመች።

ዳገቱ ተጀመረ። ከተማዋ ከስር
እፍኝ የማትሞላ መብራት፣ ተበትና ስትቀር፣
ዋሻው አፉን ከፍቶ ዋጠን።
የሞተር ጩኸት። ከድንጋይ የሚንጠባጠብ ውሃ።
ሁለቱ ጸጥ አሉ፤
ከእንዲህ ያለ ጨለማ ገና ትናንት ወጥተው የለ፣ ምኑን ይፈሩታል?
የሚነፋረቅ ድምፅ ግን ነበረ፣
ካርቶን ያቀፈ፣
በሞተሩ ጩኸት የተከለለ የመሰለው።

«ቆሎሽ ያለቅሳል» አለኝ ደምስ።
«አዎ» አልኩት፣ «ብርሃን እስኪያይ ድረስ።»