አስራ አንደኛው

ሞተሩን ያወረድኩ በሰኔ ብርድ ነበር፣
ፓይሳንዱ ላይ ከወንዙ ጉም ሲነሳ፣ ሲሰፍር።
ስምንት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የቆመ፣
ያምሳ አንድ ቢውክ፤ ከኔ በላይ ያረጀ፣ ከኔ በላይ የታመመ።
ፋሻውን ለወጥሁ፣ ብሮንዚናውን ገዛሁ፣
ለክረምት ልብስ ያኖርኩትን በጋርኒሶ ጨረስሁ።

አስራ ስድስቱን የዘይት ፑንቴሪያ
በእንቁላል ካርቶን ደረደርኩ፣ ቁጥር ጽፌ በየማደሪያ፤
የእያንዳንዱ ቦታ የእያንዳንዱ ነውና፣
ከካሙ ጋር ተላምዷል፣ እንደ እግርና ጫማ፣ እንደ ሰውና ጎዳና።

ትንሽ ጽዋ ናት ፑንቴሪያ፣ ዘይት ጠጥታ የምትሞላ፤
በሆዷ ማሽላ የምታክል ኳስ አለች፣ በር ጠባቂ፣ የማትላላ፤
የገባውን ዘይት አታስወጣም፤
ጽዋዋ የተራበች ለት ግን ጎረቤት አይተኛም።

ቃሌ ለጥር ነበር። የዳቦ ጋጋሪው የባልዶሜሮ ልጅ፣
ናይር፣ በኔ መኪና ልትሄድ፣ ካባቷ ደጅ እስከ ባሏ ደጅ።
በሠርጉ ሳምንት፣ ረቡዕ ማታ፣ ሞተሩ ተነሳ፤
ወገቤ የሰባት ወር ሕመሙን ረሳ።

ከዚያ፣
ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።
ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው በጥፍሩ ጠረጴዛ ሲጠቀጥቅ።
«አየር ነው» አልኩ፣ «ይወጣል፣ ሃያ ደቂቃ፤»
ሁለት ሺ ዙር ላይ ያዝኩት። ቤንዚኑ ተኛ፣ ጠቅታው ነቃ።

ሐሙስ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ መካኒክ ሆነ።
ባልዶሜሮ፦ «ዘይቱ ቀጠነ።»
መድኃኒት ሻጯ ኢርማ፦ «ወፍሯል እንጂ፤ ደም ግፊትም እንዲህ ነው ሲጀምር።»
ፖስተኛው ቆመ፣ ደብዳቤውን ረስቶ ጠቅታ ሲቆጥር።
አንዱ «ድሮም ቢውክ!» ብሎ አለፈ። ቢያንስ እሱ አጭር ነበር።

ዘይት ቀየርሁ። ደግሜ ቀየርሁ። ክዳን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ፤
ለአንድ ድምፅ ብዬ ከሚስቴ ጋር ያለ ድምፅ አደርሁ።

አርብ ከሰዓት ኤልቢዮ መጣ፤
ሠላሳ ዓመት በሽመና ማሽን መሐል ኖሮ፣
ጆሮው ከሱ ቀድሞ ጡረታ የወጣ።
ማንም አልጠራው። በደጅ ሲያልፍ ፊቴን አይቶ ነው።
የመጥረጊያ እንጨት አነሳ፣ አንዱን ጫፍ ነከሰው፣
ሌላውን በሞተሩ ጎን፣ ካንዱ ወዳንዱ፣ ቀስ አድርጎ አሳለፈው፤
ዓይኑን ጨፍኖ፣ ላቡ ባገጩ። የቆመው ሁሉ ሣቀ።
አንድ ቦታ ሲደርስ ጥርሱ ላይ ጠቀጠቀ፤
ጣቶቹን አሳየን፦ አስር። ከዚያ አንድ። ሣቁ አለቀ።

አውጥተን ፈታናት። ኳሷን በመርፌ ገፋ አደረግናት፤
ከሥሯ አንዲት ክር ነበረች፣ ቀይ፣
ከፀጉር የቀጠነች፣ በሩን የከፈተችባት።
አወቅኋት።
የኔው የኪስ ጨርቅ ናት፤
ያን ሁሉ ወር የወለወልሁበት፣
«አቧራ እንዳይነካው» እያልሁ፣ እንደ አዋላጅ የተንሰፈሰፍሁበት።
ዘይቱን ከሰስኩ፣ ፋብሪካውን ከሰስኩ፣ ሻጩን ከሰስኩ፤
ክሱ ኪሴ ውስጥ ነበር ለካ፣ እጄን ሳልሰድ ፈረድኩ።

ማታ ሞተሩ ተነሳ። ዝም።
ከቀበቶው ሽውታ በቀር ምንም።
ኤልቢዮ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አኖረ፤
ቆየ። ብዙ ቆየና ተናገረ፦
«አሁን ለናንተም ለኔም እኩል ነው።»
እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ቤቱ ዞረ።

ቅዳሜ ናይር ከኋላ ነበረች፣ ቀሚሷ መስኮቱን ሞልቶ፤
አባቷ ከጎኔ በአዲስ ሱፍ፣ ዱቄት ከጥፍሩ ሥር ቀርቶ።
ስለ ሞተሩ ያነሳ የለም፤
ዝም ያለን ነገር ማን ያመሰግናል? ማንም።

ዛሬም በማለዳ፣ ብረቱ ገና እንደቀዘቀዘ ሳለ፣
ዘይቱ ከታች ወደ ላይ መንገድ እንደጀመረ፣ ገና እዳገቱ ላይ እንዳለ፣
ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅ ይላል።
እጄ፣ ሳላዘው፣ ወደ ኪሴ ይሄዳል።